ስለ ካሜራዬ ጠየቃችሁኝ፣ ስለ በረራውስ?

ግልጽ ደብዳቤ ለአየር ላይ ቀረጻ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኔ ከትንሽ አውሮፕላን ላይ ቪዲዮ እየቀረጽኩ የምተዳደር ካሜራማን ነኝ። በአካል አንተዋወቅም። ፊርማዬን ግን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ቅጻችሁን ደጋግሜ ሞልቻለሁ።

ቅጹ ሁለት ገጽ ነው። የካሜራው ስም፣ ሞዴል፣ የመለያ ቁጥር። የሌንሱ ዓይነት። የሚቀረጸው ቦታ፣ የቀረጻው ዓላማ። ከዚያ የበረራው ቀን። አንድ ቀን ብቻ። የካሜራዬን የመለያ ቁጥር በቃሌ ይዤዋለሁ፤ የራሴን የባንክ ሒሳብ ቁጥር እንኳን እንደዚያ አላውቀውም።

ቅጹ የማይጠይቀኝ ነገር ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ። አውሮፕላኑን የሚያበረው ማነው? ለቀረጻ አብርሮ ያውቃል? ስንት ሜትር ድረስ ነው የምንወርደው? ካሜራው በምን ታስሯል? አየሩ ቢበላሽስ? አንዱም የለም።

አንድ ሐሙስ ቀን የሆነውን ልንገርዎ። ፈቃዱ ለዚያ ሐሙስ ብቻ ነበር፤ እሱን ለማግኘት ሳምንታት ተመላልሻለሁ። ጠዋት ስንደርስ ሰማዩ ጭጋግ ለብሷል። ፓይለቱ ቀና ብሎ አየና «ዛሬ ባይሆንስ?» አለኝ። እኔም «ፈቃዱ እኮ የዛሬ ነው» አልኩት። ዝም አለ። ጭጋጉ ትንሽ ሳሳ ሲል ተነሳን። ጥፋቱ የእናንተ ብቻ ነው አልልም፤ አፌን መያዝ እችል ነበር።

ደመናው ዝቅ ያለ ስለነበር እኛም ዝቅ አልን። የምንቀርጸው አንድ ወንዝ የሚታጠፍበትን ቦታ ነው። መጀመሪያ ስናልፍ ብርሃኑ አልሆነልኝም። «አንዴ ድገምልኝ» አልኩ። ደገመልኝ። «ትንሽ ጠበብ አድርገህ ዙርልኝ» አልኩ። እኔ የምቀመጠው በቀኝ ነው፣ እሱ በግራ። ወደ ቀኝ ስንዞር ወንዙን ለማየት በእኔ በኩል መንጠራራት አለበት። ሁለታችንም ወደ ታች እያየን ነበር። በዚህ መሀል ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሊያቅተው ሲል የሚጮኸው የስቶል ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ድምፁ ሰው ሲያቃስት ይመስላል። ፓይለቱ ወዲያው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ፣ ክንፉን ቀጥ አደረገ። እስክናርፍ ድረስ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ቪዲዮውን ቤት ገብቼ ሳየው ያቺ ቅጽበት አለች፤ የሚታየው ሰማይ፣ የክንፍ ጫፍና የራሴ ጉልበት ነው።

ስቶል ማለት ሞተር ጠፋ ማለት እንዳልሆነ መሥሪያ ቤትዎ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ሞተሩ እየሠራ ክንፉ አየሩን መያዝ ሲያቅተው ነው። ከፍታ ሳይለቁ 45 ዲግሪ ጋደል ብለው ሲዞሩ ስቶል የሚመጣበት ፍጥነት 19 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። በ60 ዲግሪ ደግሞ 41 በመቶ፤ ያኔ ክንፉ የአውሮፕላኑን ክብደት እጥፍ ነው የሚሸከመው። እኛ ደግሞ ለቀረጻ ብለን ፍጥነቱን አስቀድመን ቀንሰነዋል። ቀስ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ፣ ጠበብ አድርጎ መዞር። ሦስቱም የካሜራማን ልመናዎች ናቸው። የአላስካ ፓይለቶች ለዚህ ስም አውጥተውለታል፤ «የሙስ ስቶል» ይሉታል። ሙስ ትልቅ የአጋዘን ዘር ነው። እሱን ከላይ ለማየት ሲዞሩ፣ ሲዞሩ፣ መሬት ላይ የቀሩ አሉና።

አሁን ወደ መስኮቱ ልምጣ። እንደ ሴስና 172 ባለ ትንሽ አውሮፕላን ላይ መስኮቱ የሚታጠፈው ከላይ ነው። የሚይዘውን ዘንግ ፈትተው በአየር ላይ ሲከፍቱት ነፋሱ ራሱ ወደ ክንፉ ሥር አንስቶ ይይዘዋል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ በመስታወት ውስጥ መቅረጽ ቀረ ማለት ነው። ግን ሌንሱ ከመስኮቱ መስመር ትንሽ ወጣ ካለ ነፋሱ እንደ ሌባ ይመነትፈዋል። በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር እየሄድን ነዋ! አንድ ቀን የሌንሴን የፀሐይ መከላከያ ወሰደብኝ። ጥቁር ፕላስቲክ ነው፣ ቀላል። ወደ ጭራው ሲበር አየሁት፤ ሳይነካው አለፈ። ካሜራው ራሱ ቢሆንስ? ጭራውን ቢመታውስ? ከታች ሰው ቢኖርስ? ቅጻችሁ የካሜራውን የመለያ ቁጥር ያውቃል፤ በምን እንደታሰረ ግን አያውቅም።

ማሰሩ ራሱ ዕውቀት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2018 ኒውዮርክ ላይ በሩ ተከፍቶ ፎቶ የሚነሳበት ሄሊኮፕተር ነበር። የአንዱ ተሳፋሪ ማሰሪያ ገመድ የነዳጅ መዝጊያውን እጀታ ያዘውና ሞተሩ ጠፋ። ሄሊኮፕተሩ ኢስት ሪቨር የተባለው ውሃ ላይ አርፎ ተገለበጠ። ፓይለቱ ወጣ። አምስቱ ተሳፋሪዎች ከታሰሩበት መላቀቅ አቅቷቸው ውሃ ውስጥ ቀሩ። ለደህንነት ተብሎ የታሰረ ገመድ ነው ይህን ያደረገው። እኔ ከዚያ ወዲህ ቀበቶዬን በአንድ እጅ፣ ዓይኔን ጨፍኜ መፍታት ሳልለማመድ አልነሳም። የካሜራው ገመድም ከመሪውና ከእጀታዎቹ ጋር እንዳይደርስ አጭር ነው።

የእናንተ ሥጋት ሌላ እንደሆነ አላጣሁትም። የሚሰወር ነገር አለ፣ የጸጥታ ጉዳይ አለ። መብቱም አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው ስለ ዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን የሚደነግገው የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 36 ማንኛውም አባል አገር በግዛቱ ላይ በአውሮፕላን ውስጥ የፎቶግራፍ መሣሪያ መጠቀምን መከልከል ወይም መቆጣጠር እንደሚችል በግልጽ ይላል። በዚህ አልከራከርም። እዚህ ቦታ ላይ አትቅረጽ ካላችሁኝ አልቀርጽም። ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ህዋ የወጣው ወርልድቪው 3 የተባለ የንግድ ሳተላይት 31 ሴንቲ ሜትር ድረስ ለይቶ ያያል፤ ምስሉም ይሸጣል። በዚህ ዘመን የካሜራዬን ቁጥር መዝግቦ ምን እንደሚሰወር እኔ አይገባኝም። የተከለከለው ቦታ በካርታ ይሰጠኝ፣ እሱን አልፌ እሄዳለሁ።

አንድ ሠራተኛችሁ «ለምን ድሮን አትጠቀምም?» ብሎኛል። እጠቀማለሁ። ለአንድ ሕንፃ፣ ለአንድ ድልድይ ድሮንን የሚያክል የለም። ነገር ግን በብዙ አገር ድሮን ከ120 ሜትር በላይ አይወጣም፣ ከአብራሪው ዓይንም መራቅ የለበትም። ወንዝን ከምንጩ ጀምሮ መከተል፣ የጎርፍ ጉዳትን በአንድ ጠዋት ከዳር እስከ ዳር ማሳየት የትንሽ አውሮፕላን ሥራ ነው። ሥራው አዲስም አይደለም። ከአውሮፕላን ፈጣሪዎቹ ወንድማማቾች አንዱ ዊልበር ራይት እ.ኤ.አ. በ1909 ሮም አጠገብ ቼንቶቼሌ ላይ ሲበር አብሮት የተሳፈረ ካሜራማን ፊልም አንስቷል። ያኔ የካሜራውን የመለያ ቁጥር የጠየቀው ያለ አይመስለኝም!

እሺ፣ ምን ይደረግ ትላለህ ካሉኝ፣ ከሁሉ በፊት ቀኑ ይፈታልኝ። ፈቃዱ ለአንድ ቀን መሆኑ ቀርቶ ለአሥር ቀን ይሁን። ከአሥሩ ቀን አየሩ የጠራበትን እኛ እንመርጥና ጠዋቱን ስልክ ደውለን እናሳውቃችሁ። ካልፈቀዳችሁ «ዛሬ አይሆንም» በሉን። ይህ ለእናንተ አንድ ስልክ ማንሳት ነው። ለእኛ ግን «ፈቃዱ እኮ የዛሬ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከአፋችን ያስቀርልናል። ፓይለትን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጫን ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አይቼዋለሁ፤ የጫንኩት እኔ ነኝ።

የመለያ ቁጥሩ መስመር ይውጣና በቦታው ፓይለቱ ለቀረጻ ምን ያህል እንዳበረረ ይጠየቅ። ዝቅተኛው ከፍታና ፍጥነት ከመነሳታችን በፊት ይጻፍ። ፓይለቱ ውጭውን በዓይኑ እያየ ለሚበርበት በረራ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ዝቅተኛ የከፍታ ልክ የታወቀ ነው፤ ሰው በሰፈረበት ቦታ በ600 ሜትር ዙሪያ ካለው ረጅሙ ነገር በላይ 300 ሜትር፣ ከዚያ ውጭ 150 ሜትር። ካሜራማኑ ግን እንዲያውቀው የሚያደርግ ወረቀት የለም። እኔ ራሴ ያወቅኩት ከስንት ጊዜ በኋላ ከፓይለቱ ነው። ከሥሩም እኔ የምፈርምበት አንድ መስመር ይኑር፦ ፓይለቱ «ይበቃል» ካለ፣ በቃ፣ አልለምነውም። ይህችን መስመር እንኳን ብትጨምሩልኝ ትልቅ ነገር ነው። ወረቀት ላይ የፈረመ ሰው አየር ላይ «አንዴ ድገምልኝ» ለማለት ያፍራል።

የሚቀጥለውን ማመልከቻዬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። የካሜራው ቁጥር እንደተለመደው ተሞልቷል። የፓይለቱን የቀረጻ ልምድና የምንበርበትን ዝቅተኛ ከፍታ በትርፍ ወረቀት ጽፌ አባሪ አድርጌዋለሁ፤ ማንም ባይጠይቀኝም። «የበረራ ቀን» የሚለውን ቦታ ግን ባዶ ትቼዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በቀኝ መቀመጫ የሚቀመጠው ካሜራማን