ከሰባት በኋላ

ወንድም ዓለም፣

ሦስት ዓመት ዝም ያልሁህ መጀመሪያ በስንፍና፣ ኋላም በኀፍረት ነው፤ ይቅርታዬን በዚህ ያዝልኝና የቸገረኝን ልንገርህ።

በቅርቡ ቀላል ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ነበር፤ አሁን ደኅና ነኝና አትደንግጥ። ማደንዘዣው በደም ሥሬ ሲገባ ከአሥር ወደ ታች እየቆጠርሁ ሰባት ላይ ደረስሁ፤ ከዚያ ቀጥሎ የማስታውሰው ስሜ ሲጠራ ነው። በመካከሉ ሁለት ሰዓት አልፏል። ከእንቅልፍ የነቃ ሰው ጥቂትም ቢሆን ጊዜ ማለፉ ይታወቀዋል፤ ለእኔ ግን ቁጥሩና ስሜ አንድ ላይ ተሰፍተው ነበር።

አንተ «ንቃተ ህሊና፣ ይህ በውስጣችን የመሰማቱ ነገር፣ ሊበየንም ሊብራራም አይችልም» ስትል፣ እኔ «ሐኪም እንዳሻው የሚያጠፋውና የሚያበራው ነገር ምን ምሥጢር አለው?» እያልሁ ስሞግትህና ስወራረድህ ስለኖርሁ፣ ይህን ስታነብ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ሳቅ፤ ነገር ግን ቀጥሎ ያለውን ሳታይ እንዳትፎክር። ካገገምሁ በኋላ ስለ ማደንዘዣ ሳነብ አንድ የምርምር ዘዴ አገኘሁ፦ ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት የታካሚው አንድ ክንድ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰርና መድኃኒቱ ወደ እጁ እንዳይደርስ ይደረጋል፤ ከዚያም «ከሰማኸኝ እጄን ጨብጥ» ይባላል። አንዳንዶቹ ይጨብጣሉ። ሲነቁ ግን አብዛኞቹ ምንም አያስታውሱም።

እንግዲህ እኔስ? በእነዚያ ሁለት ሰዓታት አልነበርሁም ወይስ ነበርሁና ተረሳኝ? ለዚህ ጥያቄ ከእኔ የቀረበ ምስክር የለም፤ እኔም ለምስክርነት የማልበቃ ሆኜ ተገኘሁ። ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ በ1995 «ከባዱ ችግር» ያለው፣ የአንጎል ሥራ ለምን ከመሰማት ጋር እንደሚመጣ ነበር፤ እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ ዝቅ ያለ ነገር ነው። ንቃተ ህሊናን የሚያጠና ሳይንቲስት ዞሮ ዞሮ «ተሰማኝ» ወይም «አልተሰማኝም» በሚል ሰው ቃል ላይ ይደገፋል፤ ቃሉ ደግሞ በትውስታ ላይ። ትውስታው ከጠፋ፣ የምንበይነው መሰማትን ነው ወይስ ማስታወስን?

የአንጎል ተመራማሪው ክሪስቶፍ ኮክ የንቃተ ህሊና መሠረት በአንጎል ውስጥ በ25 ዓመት ጊዜ ተለይቶ ይታወቃል ብሎ በ1998 ከቻልመርስ ጋር ተወራርዶ፣ በ2023 መረታቱን አምኖ ወይን ጠጁን አስረክቧል። እኔ ከእርሱ ይልቅ ግትር ነኝና የውርርዳችንን ግማሽ ብቻ እከፍልሃለሁ፦ ሊበየን አይችልም ያልኸውን ለጊዜው ተቀብያለሁ፤ ሊብራራ አይችልም ያልኸውን ግን አልቀበልም፤ ያ የተጨበጠ እጅ የተገኘው በሳይንስ ነውና።

ለሐኪሙ ያልነገርሁት አንድ ነገር ቀርቷል። ማታ ማታ ልተኛ ስል እጄን ጨበጥ አድርጌ አያለሁ። ይህን ምን እንደምለው... አንተ ስም ካለህለት ጻፍልኝ።

ያው ወንድምህ