መነጽርሽን አታውልቂ

ሚሚዬ፣

እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣ ሽሮ እያሸገች ነው። ወደ ሎስ አንጀለስ የሚመጣ ሰው አግኝተናል። ላብራቶሪ ውስጥ ብልቃጥ ተሰንጥቆ ሶዲየሙ፣ ያ ውሃ ሲነካው የሚቀጣጠል ብረት፣ ሲነድ መነጽር አላደረግሽም ነበር አሉን። የነገረን የአክስትሽ ልጅ ነው፤ እሱን እንዳትቆጪው። መነጽርሽን አታውልቂ።

በስልክ "አባዬ፣ የኛ ፖሊመር፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ፕላስቲክ፣ ራሱ የተገኘው በስህተት ነው" አልሽኝ። ልክ ነሽ። ቶኪዮ ውስጥ ኬሚስቱ ሺራካዋ በሚሠራበት ላብራቶሪ ካታሊስቱ፣ ምላሹን የሚያፋጥነው ነገር፣ ሺህ ጊዜ እጥፍ ተጨምሮ ነው ያ እንደ ብር የሚያበራ ስስ ፊልም የወጣው። ኋላም ከሂገርና ከማክዳያርሚድ ጋር አዮዲን ሲያስነኩት ፕላስቲኩ ኤሌክትሪክ አስተላለፈ፤ ይህንንም በ1977 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። በ2000 ሦስቱም ኖቤል ተሸለሙ። የኔን ስህተት ግን ታውቂያለሽ። በሙሉ ነግሬሽ አላውቅም።

ሶዲየሙን በላምባ ውስጥ ነበር የምናስቀምጠው። አሥረኛ ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ። መጀመሪያ የምስር ፍሬ የምታህል ቆርጬ ውሃው ላይ ጣልኩ። እየተሽከረከረች ጠፋች። ልጆቹ "ቲቸር፣ ትልቅ!" አሉ። ደስ አለኝና ባቄላ የሚያህል ቆረጥኩ። ፈነዳ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ ግራ ዐይኑን ይዞ ጎንበስ አለ። ትምህርት ቤቱ ሁለት መነጽር ነበረው። ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

ዐይኑ አልተረፈም። ከብዙ ዓመት በኋላ ታክሲ ውስጥ በድምፄ አወቀኝ። ሊያየኝ አንገቱን ሙሉ በሙሉ አዞረ። "ቲቸር" ብሎ ሒሳቤን ከፈለልኝ። ይቅርታ ልል አስቤ ነበር፤ ፌርማታዬ ደረሰ፣ ወረድኩ። እስከ ዛሬ አላልኩትም።

መነጽርሽን አታውልቂ ልጄ።

ሥራሽን አልጠላሁትም። ሶዲየም ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ገደማ በቀዘቀዘ አሞኒያ ውስጥ ሲሟሟ ኤሌክትሮኑ ከአተሙ ተላቆ በአሞኒያ ሞለኪውሎች ተከቦ እንደሚቀመጥ፣ ፈሳሹም እንደ ብዕር ቀለም ሰማያዊ እንደሚሆን ስትነግሪኝ ለእናትሽ ሁለቴ ተረኩላት። ውሃ ውስጥ ያለውን እንዲህ ያለ ኤሌክትሮን ደግሞ ሳይንቲስቶቹ ሃርትና ቦግ በ1962 እ.ኤ.አ. ብርሃን ሲውጥ አይተውታል። ዕድሜው ከዐይን ጥቅሻ ያንሳል። ለዚህ ነገር ብለሽ ሌሊት መንቃትሽ ያኮራኛል።

አሁን ስሚኝ። ሌሊት ብቻሽን ሶዲየም አትንኪ። ቢቀጣጠል ውሃ አታፍስሺበት፤ ደረቅ አሸዋ አጠገብሽ ይሁን። የቆየ ቲኤችኤፍ፣ ያን ማሟሚያ ፈሳሽ፣ ከማጣራትሽ በፊት ውስጡ ሊፈነዳ የሚችል ፐርኦክሳይድ እንዳለ መርምሪ። በባዶ ሆድ ላብራቶሪ አትግቢ፤ ሽሮው ለዚህ ነው የሚላክልሽ። ያለሽ መነጽር ፊትሽን የሚጫን ከሆነ ሌላ ግዢ፤ ብሩን እኔ እልካለሁ፣ ከጡረታዬ ላይ ነው አትበይ።

ደብዳቤው እንደደረሰሽ መነጽሩን አድርገሽ ፎቶ ላኪልኝ። ለእናትሽ ሳይሆን ለኔ።

አባትሽ