«ኤስ የለውም፣ አባዬ»

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በርበሬና ድርቆሽ እየቋጠረችልሽ ነው። እዚያ ከተማ ምግብ የሌለ ይመስላታል።

እሁድ ስትደውዪ ድምፅሽ ልክ አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት ሠላሳ ሕፃናት ፊት ቁጭ ብለሽ መጽሐፍ ልታነቢላቸው ነው። «ባይሰሙኝስ?» አልሽ። እናትሽ «አይዞሽ» ብላ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔም «አይዞሽ» ብዬ መልሼ ሰጠኋት። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስልክ ላይ ያልሆነልኝን በወረቀት ልሞክር ብዬ ነው። በአማርኛ የጻፍኩትም አውቄ ነው። የቅዳሜዋ የፊደል ትምህርትሽ ስለዛገች ጮክ ብለሽ ካላነበብሽው አይገባሽም። ይኸው ልምምድ ጀመርሽ።

ትዝ ይልሻል፣ ኮሮና የገባ ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 2020 ላይ፣ ሆቴሉ ኩሽናውን ዘግቶ ቤት አስቀመጠን። አንቺ ክፍልሽን ዘግተሽ ከስልክሽ ጋር ነሽ። ወንድምሽ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ግድግዳ ሊያፈርስ ምንም አልቀረውም። አንድ ጠዋት ግን ቤቱ ጭጭ አለ። ልጅ ዝም ካለ ጥፋት አለ ብዬ ሄጄ ሳይ ታብሌቱ ላይ አፍጥጧል። አንዲት ሴትዮ መጽሐፍ ይዛ ጮክ ብላ ታነባለች። ክሬሲዳ ካውል ናት፣ ያቺ የ«ሃው ቱ ትሬይን ዩር ድራገን» (ዘንዶህን እንዴት ታሠለጥናለህ) ደራሲ። ፊልሙን አይቼዋለሁ፤ መጽሐፍ እንደነበረ ግን አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው በ2003 ወጥቶ ተከታታዩ 12 ደርሷል።

ያኔ የብሪታንያ የልጆች ሎሬት ነበረች። እኛ ሎሬት ሲባል ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው የሚመጣልን። እዚህ አገር ግን ከ1999 ጀምሮ አንድ የልጆች ደራሲ ወይም ሠዓሊ እየመረጡ ይሾማሉ። ሥራው ልጆችን ከመጽሐፍ ጋር ማወዳጀት ነው። እሷ ከ2019 እስከ 2022 ሠራች። በ2021 ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ደብዳቤ ጻፈች፤ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይመደብ ብላ። በዚያው ዓመት ስድስት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ ለውጡ ምን እንደሚመስል እንዲታይ አደረገች። ወሬ ብቻ አይደለችም ማለት ነው።

ስትሾም ደግሞ አሥር ነጥብ ያለው የልጆች መብት ዝርዝር አውጥታ ነበር። ለደስታ ብሎ ማንበብ፣ የራስ የሆነ መጽሐፍ መያዝ፣ ደራሲ በአካል ቢያንስ አንዴ ማየት... የመጨረሻው አስቆኛል፤ የሚነበብባት ፕላኔት መኖር ይላል። አንዱ ግን ሆዴን ወጋው። ጮክ ተብሎ ሊነበብለት፣ ይላል። መብት ነው የምትለው! እኔ እኮ ይህን መብት ካንቺ የቀማሁት ሰውዬ ነኝ።

ስድስት ዓመትሽ ነበር። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ይዘሽ መጣሽ፤ ወላጅ አንብቦ ደብተሩ ላይ መፈረም አለበት። ጭኔ ላይ ተቀመጥሽ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ደሴት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መጣ። እኔም እንደተጻፈው «ኢዝላንድ» አልኩ። ቀና ብለሽ «ኤስ የለውም፣ አባዬ» አልሽኝ። ክፋት አልነበረብሽም። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን መጽሐፍ ይዘሽ ስትመጪ «ደክሞኛል» ነበር መልሴ። ሳላነብ እፈርም ነበር። አንቺም ቀስ በቀስ መጠየቅ ተውሽ። ድካም አልነበረም፣ እፍረት ነው።

የሴትየዋን ታሪክ ሳነብ የገረመኝ ምን መሰለሽ? ዘንዶዎቹን ያገኘቻቸው ደሴት ላይ ነው። ልጅ ሆና ክረምቱን ቤተሰቧ ስኮትላንድ ዳርቻ ሰው በማይኖርባት ደሴት ያሳልፍ ነበር። መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ። ማታ ማታ አባቷ በጥንት ዘመን ከሰሜን በባሕር ስለመጡት ቫይኪንግ የሚባሉ ተዋጊዎችና በገደሉ ዋሻዎች ስለሚኖሩት ዘንዶዎች ያወራላቸዋል። እኔ ቃሉን መጥራት ያቃተኝ ደሴት ማለት ነው።

የእኔ ነገር ከሩቅ ይመጣል። ደሴ ስማር መምህሩ «ተነሥተህ አንብብ!» ይላል። ከተሳሳትሽ ማስመሪያው መዳፍሽ ላይ ያርፋል። ጮክ ብሎ ማንበብ ለኛ ፍርድ ቤት እንደ መቆም ነበር። ደግነቱ አባባ ተስፋዬ ነበሩልን። ቴሌቪዥን ያለው አንድ ጎረቤት ቤት እንታጨቅና «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ እንደሚያዩን ሁሉ ተነሥተን እጅ እንነሳለን። ከ40 ዓመት በላይ ተረት ነገሩ። ድመቷም ጅቡም ንጉሡም በእሳቸው አፍ ነው የሚናገሩት። አንድ ቀን እንኳ ተቆጥተው አላየሁም።

ለካስ የዘንዶው መጽሐፍም ስለዚሁ ነው። ልጁ ሂካፕ ዘንዶ ማሠልጠኛ መጽሐፍ ያገኛል። ከፍቶ ሲያየው ምክሩ አንድ ብቻ ነው፦ ጩህበት። ሌሎቹ ልጆች ይጮሃሉ። እሱ ጩኸት አይሆንለትም። ትንሹ ዘንዶው ደግሞ ሞገደኛ ነው። እሱ ግን የዘንዶዎችን ቋንቋ ስለሚያውቅ ያናግረዋል፣ ይቀልድለታል። አንቺም ድምፄ ቀጭን ነው ብለሽ ትሰጊያለሽ አይደል? ጮክ በይ ሲሉሽ ጩሂ ማለታቸው እንዳይመስልሽ።

ቪዲዮው ያለቀ ቀን ወንድምሽ የወረቀቱን መጽሐፍ አምጥቶ «አንተ ድገመው» አለኝ። እግዜር ያሳይሽ፣ ላብ አሰመጠኝ። የቫይኪንጎቹ አስተማሪ ጎበር ጋ ስደርስ ልጁ በሳቅ ወደቀ። «አባዬ፣ ያንተ እንግሊዝኛ ልክ የቫይኪንግ ነው!» አለኝ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ። ሁለት ሳምንት አነበብኩለት። በሦስተኛው ማታ ይመስለኛል፣ በርሽ ገርበብ ብሎ ነበር። አላየሁም ብዬ ትንሽ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

ለሕፃናቱ ከመጀመርሽ በፊት «ተረት ተረት» በያቸው። «የላም በረት» ብለው እንዲመልሱ አስተምሪያቸው። ትርጉሙን ባያውቁም ይወዱታል፤ አንዴ ከመለሱልሽ ደግሞ ያንቺ ናቸው። ከተሳሳትሽ የሚያርምሽ ሕፃን አይጠፋም። ሳቂና ቀጥዪ፤ ብቻ እንደ እኔ መጽሐፉን እንዳትዘጊው።

የምታነቢውን መጽሐፍ ስሙን ላኪልኝ። እኔም ገዝቼ እዚህ አነበዋለሁ። ረቡዕ ማታ ፈረቃ የለኝም፤ ደውዪና ለእኔ ሞክሪው። ካልፈለግሽ እኔ አነብልሻለሁ፣ አንቺ ታርሚኛለሽ። በርበሬው ሐሙስ ይደርሳል፤ ክዳኑን ጠብቂበት፣ ባለፈው ቦርሳሽን ምን እንዳደረገው ታውቂያለሽ።

አባትሽ