ለጥምቀት ያልመጣሁት ለዚህ ነው

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ኪኒኑን በባዶ ሆድ እንዳትውጪ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልሽ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ነኝ። ደብተሬን ከዘረጋሁ ሁለት ሰዓት ሆነኝ፤ አንቺ ከሐሳቤ አልወጣ ብለሽ አላስጠና አልሽኝ።

ለጥምቀት ያልመጣሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ዋሽቼሻለሁ። የፈተናው ውጤት የመጣው በዚያው ሰሞን ነበር። ወድቄያለሁ። ማለፊያው 50 ነው፣ እኔ 46 አመጣሁ። በስልክ «ውጤቱስ?» ስትይኝ «ገና ነው» ያልኩሽ ከቢሮ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ለሰንበቴው ሁሉ «ልጄ ኦዲተር ልትሆን ነው» ብለሽ እንዳወራሽ አውቃለሁ። በምን ዓይኔ ልምጣ?

ፈተናው ምን እንደሆነ በደንብ ነግሬሽም አላውቅ። ኤሲሲኤ ይባላል፤ የእንግሊዝ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠው ነው። በጠቅላላው 13 ፈተና አለው። እኔን የጣለኝ የታክሱ ነው። ለአንዳንድ አገሮች በየራሳቸው ሕግ የሚፈተኑበት አማራጭ አለ፤ ለኢትዮጵያ ግን የለም። ስለዚህ ልጅሽ አዲስ አበባ፣ አምባሳደር ሰፈር ተቀምጣ የእንግሊዞችን ግብር ታሰላለች። ሳቂ፣ እኔም እስቃለሁ።

ቀን የእኛ ሕግ፣ ሌሊት የእነሱ። ቢሮ ስውል ቫት 15 በመቶ ነው፤ ቤት ስገባ 20 ይሆናል። ከሐምሌ 2017 ወዲህ የእኛ ሠራተኛ በወር እስከ 2,000 ብር ድረስ የደመወዝ ግብር አይከፍልም፤ ድሮ 600 ነበር። የእነሱ ደግሞ 12,570 ፓውንድ ነው፣ ያውም በዓመት። ወሩና ዓመቱ ጭንቅላቴ ውስጥ ይጋጫሉ። የእኛ የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል። የእነሱ የግለሰብ ግብር ዓመት የሚያልቀው በፈረንጆቹ ኤፕሪል 5 ነው። ምክንያቱን ብነግርሽ ትወጂዋለሽ፦ በ1752 በእነሱ አቆጣጠር ዘመን መቁጠሪያቸውን ሲቀይሩ 11 ቀን ዘለሉ። ዓመቱ እንዳይጎድል የግብሩን ቀን ወደፊት ገፉት፤ እስከ ዛሬ እንደተገፋ ነው። ቀን አቆጣጠር ያስቸገረው እኛን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ደግሞ የብስኩቱ ነገር አለ። እዚያ አገር ኬክ ላይ ቫቱ ዜሮ ነው፤ ቸኮሌት የተቀባ ብስኩት ግን ሙሉውን ይከፈልበታል። አንድ ኩባንያ «የእኔ ኬክ ነው» ብሎ ተከራከረ። ከታዩት ነጥቦች አንዱ ምን ነበር መሰለሽ? ኬክ ሲያድር ይደርቃል፣ ብስኩት ሲያድር ይለሰልሳል። የእሱ ይደርቅ ነበርና ረታ። አንቺ ብትሆኚ በጣትሽ ነካ አድርገሽ ትፈርጂ ነበር። ይህን ጥያቄ መቼም አልስተውም።

ታዲያ ለምን ወደቅሽ ትይኛለሽ። ጊዜ አጠረኝ። ፈተናው ኅዳር መጨረሻ አካባቢ ነበር። የድርጅታችን የዓመት ግብር ማሳወቂያ ደግሞ እስከ ጥቅምት 30 ነው። ጥቅምትን ሙሉ አምሽቼ ነው የገባሁት፤ አንዳንድ ቀን ካዛንቺስ ታክሲ ስጠብቅ ማታ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ለጥናት የቀረኝ አንድ ወር አይሞላም። ሌሊት አሥር ሰዓት እየተነሳሁ አነብ ነበር፤ መጽሐፉ ላይ እንደተደፋሁ ይነጋብኛል። ፈተናው የሚፈጀው ሦስት ሰዓት ነው። የመጨረሻው ጥያቄ 15 ማርክ ነበረው፣ ግማሹን ሳልነካው ሰዓቱ አለቀ። መልሱን አውቀው ነበር እማዬ። እሱ ነው የሚያበግነኝ። ክፍያው ደግሞ በፓውንድ ነው፤ ብሩ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ፓውንድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ባልነግርሽ ይሻላል።

አለቃዬ «አገርሽ ላይ ለማይሠራ ሕግ ምን አደከመሽ?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ግን 13ቱ ፈተናዎች ያለዚህ አይሟሉም። ለእሱ የማልነግረው ሌላም ምክንያት አለኝ።

2009 ትዝ ይልሻል? የቀን ገቢ ገማቾቹ ሱቃችን በር ላይ ቆመው «በቀን ስንት ትሸጫለሽ?» ሲሉሽ «እንደ ቀኑ ነው» አልሻቸው። ምን ትያቸዋለሽ ሌላ! ያቺን እውነተኛ መልስሽን የሚጽፉበት ቦታ ግን ቅጹ ላይ አልነበረም። የገመቱት ሲመጣ ሚዛኑ ላይ ተደግፈሽ ዝም አልሽ። እኔ አካውንቲንግ ተማሪ ነኝ ባይ አጠገብሽ ቆሜ አንድ ቃል አልወጣኝም። ቆይቼ ነው ሕጉን ያነበብኩት። በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 983/2008 የታክስ ውሳኔ የደረሰው ሰው ቅሬታ ማቅረቢያ 21 ቀን አለው። የእኛ በክልሉ ሕግ ነው የሚታየው፤ ግን ቅሬታ የሚባል ነገር መኖሩንስ ማን ነገረን? በማግስቱ እቁብሽን ቀድመሽ አወጣሽና ከፈልሽ።

የካቲት መጨረሻ ላይ እንደገና እፈተናለሁ። እስከዚያ ማታ ማታ ብትደውዪ ላላነሳ እችላለሁ፤ አትደንግጪ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ እደውላለሁ። አለቃዬን ለምኜ ከፈተናው በፊት አምስት ቀን ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ ፊቱን አጥቁሮ ነው የሰጠኝ፣ ቢሆንም ሰጠኝ።

ሰንበቴ ላይ ከጠየቁሽ «ወድቃለች፣ ደግማ ትፈተናለች» በያቸው። እኔው ነኝ ያልኩሽ። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ይህቺ እውነት ናት። ያቺ የ2009 የግምት ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ ካለች እንዳትጥያት፤ አንድ ቀን አብረን እናነባታለን። ድፎ ዳቦም እንዳትረሺ፤ ሲያድር ቢደርቅም ግድ የለኝም።

ጉልበትሽን ይማርልሽ፤ በርቺ።

የምትወድሽ ልጅሽ