ልጆቹ ጭቃ በጭቃ ሆነው ስለሚመጡበት ጉዳይ

ሰላም ውድ ወላጆች እንዴት ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን የዩኒፎርም ነገር ብዙዎቻችሁ አንስታችሁብኛል፣ እውነታችሁን ነው፣ ጉልበቱ ጭቃ ኪሱ ድንጋይ፣ አንዷ እናት እንዲያውም ከልጇ ኪስ ቀንድ አውጣ አግኝታ በድንጋጤ ቮይስ ልካልኛለች (ቀንድ አውጣው ደህና ነው፣ ልጅቷ በማግስቱ ግቢ መልሳዋለች)። ስለዚህ እዚህ ምን እየሰራን እንደሆነ ላስረዳችሁ ብዬ ነው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ እና እባካችሁ እስከዛ ድረስ አንብቡት።

ከኬጂ እስከ 2ኛ ክፍል ያሉት ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን ከክፍል ወጥተው ግቢ ውስጥ ነው የሚማሩት። ለሁለት ለሁለት ልጅ የሚተክሉበት አንድ አንድ መደብ ሰጥተናል። አዲስ ፋሽን እንዳይመስላችሁ፣ ኬጂ የምንለው ራሱ ኪንደርጋርተን ከሚለው የጀርመን ቃል የመጣ ነው፣ ትርጉሙም የልጆች የአትክልት ቦታ ማለት ነው፣ ስሙን በ1840 እ.ኤ.አ ያወጣው ፍሮብል የሚባለው ጀርመናዊ አስተማሪ ልጆች የየራሳቸው መደብ ይኑራቸው ይል ነበር። እኛ ስሙን ይዘን መደቡን ረስተነው ነው እንጂ።

የጀመርነው በባቄላ ነው። መጀመሪያ አፈር ውስጥ ሳይሆን እርጥብ ጥጥ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ፣ እንዲያዩት። ቅጠሉ ነው የሚቀድመው ብለው የተወራረዱ ነበሩ፣ ስሩ ቀደማቸው። አንዱ ልጅ ደግሞ ፍሬውን ገልብጦት ስሩ ወደ ሰማይ እንዲያድግ ሊያደርግ ሞከረ፣ ስሩ ግን ታጥፎ ዞሮ ወደ ታች ወረደ፣ የመሬት ስበት የሚባለውን ነገር እኔ ሰሌዳ ላይ ብዙ አመት አስተምሬዋለሁ እንደዛ ቀን የገባቸው ልጆች ግን አላየሁም።

ከዛ አፈር ውስጥ ተከሉ። ባቄላ ከአፈር ብቅ ለማለት ሳምንት ምናምን ይፈልጋል፣ ለአምስት አመት ልጅ ሳምንት ማለት ደግሞ ዘላለም ነው፣ እና ምን አደረጉ መሰላችሁ በየቀኑ እየቆፈሩ በቀለ አልበቀለም እያሉ ያዩታል። መምህራኑን አትከልክሏቸው አልኩ። የቆፈሩት ስሩ እየተበጠሰ ቀረባቸው፣ ያልቆፈሩት ወጣላቸው፣ ጎን ለጎን አይተውት አሁን ማንም አይቆፍርም። ብንከለክላቸው ኖሮ እኛ ዞር ስንል ይቆፍሩት ነበር።

የመሬት ትል ስታይ ትጮህ የነበረች ልጅ አለችን። ትል አይን እንደሌለው፣ የሚተነፍሰውም በቆዳው ስለሆነ ከደረቀ እንደሚሞት ነገርናት፣ አሁን ሌሎቹን "መጀመሪያ እጅህን አርጥብ፣ ቶሎ መልሰው" እያለች የምትቆጣው እሷ ናት። እቤት ሸረሪት ነፍሳት አይደለችም ብሎ የሚሟገታችሁ ልጅ ካለ ደግሞ ተሸነፉለት፣ ልክ ነው፣ ነፍሳት 6 እግር ነው ያላቸው ሸረሪት 8 ናት፣ ራሳቸው ቆጥረው ነው ያወቁት። ባቄላው ላይ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ወጥቶበት መድሃኒት እንርጭ ያሉም ነበሩ። ትንሽ ቆይተን ስናይ ቀይዋ ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ እየለቀመች ስትበላው አገኘናት። የሷ እጭ ግን መልኩ ስለሚያስቀይም ሊጨፈልቁት ነበር ለትንሽ ተረፈ።

አንዳንዶቻችሁ ይሄ ከትምህርቱ ሰዓት አይቀንስም ወይ ብላችኋል። ከላይ እንዳያችሁት ግቢ ውስጥም እየተማሩ ነው፣ ውጪ መዋላቸው ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው። ቻይና ጓንግዡ ከተማ አንደኛ ክፍል ልጆችን በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ውጪ አውለው ለሦስት አመት ተከታትለዋቸው ነበር፣ በ2015 እ.ኤ.አ የወጣው ውጤት እንደሚለው ከሩቅ ማየት የሚቸገሩት እነሱ ጋ 30.4 ከመቶ ሲሆኑ እንደድሮው የተማሩት ጋ 39.5 ሆነዋል። ስለዚህ ለአይናቸውም ነው።

ጥንቃቄውን በአጭሩ፣ ሲጨርሱ ሁሉም በሳሙና ይታጠባሉ፣ ሳይጠይቁ ቅጠል አፋቸው አይከቱም። የንብ አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ ዛሬውኑ ንገሩን፣ ከአፈር ጋር ስለሚሰሩ የቴታነስ ክትባታቸው ያልተሟላም ካለ አስከትቡ።

አሁን ወደ ልመናው ልምጣ። አንድ ልጅ ችግኙን ከፍቅሩ ብዛት በቀን ሦስት አራቴ እያጠጣ ስሩ አየር አጥቶ በሰበሰበት፣ ደረቀ፣ በጣም አለቀሰ። አንድ ወላጅ (ማን እንደሆነ እናውቃለን ግን አንናገርም) አዝኖለት ጠዋት ማንም ሳይመጣ ሌላ ችግኝ ይዞ መጥቶ ተክቶለታል። ልብ የሚነካ ነገር ነው፣ ግን ልጁ ገብቶ ሲያየው "የሞተ ተክል ሌሊት ይነሳል!" ብሎ ለክፍሉ በሙሉ አወጀ፣ ከዛ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ የሚያጠጣ ልጅ ጠፋ፣ ለምን ስንላቸው ቢሞትስ ይነሳ የለ ይሉናል።

እባካችሁ የሞተውን አትተኩ። እቤት ሲነግራችሁም "አይዞህ ሌላ እንገዛለን" ከማለት በፊት ምን ሆኖ የሞተ ይመስልሃል በሉት እና አስጨርሱት። ዘር እኛ ጋ ሞልቷል፣ ራሱ መጥቶ ይጠይቀንና እንደገና ይተክላል።

የግቢ ቀን ማክሰኞና ሐሙስ ነው፣ በነዚህ ቀናት ዩኒፎርም ግዴታ አይደለም፣ አሮጌ ልብስ አልብሱልን፣ አንድ ቅያሪ ካልሲም ቦርሳ ውስጥ ጨምሩ። ኪሳቸውን ደግሞ ማጠቢያ ማሽን ከመክተታችሁ በፊት ፈትሹ።

ዳይሬክተሩ