ሮቦቱ ከዋሻው ልኬት ይዞ ይውጣ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ አሮጌ የውሃ ማስተላለፊያ ዋሻዎች ፍተሻ ሲነሳ ሁለት አሳሳች ሐሳቦች ይደጋገማሉ። አንዱ «ውሃው ይፍሰስና ሰው ገብቶ ይየው» ይላል፤ ሌላው «ካሜራ ያለው ሮቦት ከገባ ፍተሻው አለቀ» ይላል። ሁለቱም ገንዘብ ያባክናሉ፤ የመጀመሪያውማ ዋሻውን ራሱን ሊያሳጣ ይችላል።

ውሃ የሞላ ዋሻ ግድግዳውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ። ያረጀ ኮንክሪት እስከ ዛሬ የቆመው ሁለቱ ስለተመዛዘኑ ሊሆን ይችላል። የከርሰ ምድር ውሃው ከዋሻው በላይ 60 ሜትር ከፍታ ካለውና ዋሻው ባዶ ከሆነ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 60 ቶን ያህል ጫና ያርፋል። የተሰነጠቀ ግድግዳ ይህን ላይችል ይችላል። ውሃው ሳይወጣ መፈተሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለኒው ዮርክ ከተማ ግማሽ ያህሉን ውሃ የሚያቀርበው፣ 137 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የደላዌር መስመር ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በቀን እስከ 35 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም 132,000 ሜትር ኩብ ገደማ ያፈስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ከዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ጋር የተሠራ፣ ኬብል የሌለው ሮቦት 72 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ክፍል ዙሪያውን ፎቶ እያነሳና ግፊት እየለካ አቋረጠ። በ2009 ተደገመ። በ2014 ደግሞ ከውጭ የሚነዳ ሮቦት የሚያፈሱትን ቦታዎች ለይቶ በዝርዝር አየ። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ መጀመሪያ ጠቅላላ ቅኝት፣ ከዚያ ችግር ባለበት ቦታ ቆሞ ማየት። ብዙ ጨረታዎች ግን ሁለቱን ሥራ ከአንድ መሣሪያ ይጠብቃሉ።

በኬብል የታሰረ ሮቦት ኃይሉን የሚያገኘውም ምስሉን የሚልከውም በኬብሉ ነው። ኬብሉ የሚሰምጥ ከሆነ ወለሉን እየጠረገ ደለል ያስነሳል፤ የሚንሳፈፍ ከሆነ ከጣሪያው በወጣ ብረት ይያዛል። ስለዚህ ክብደቱ ውሃ ውስጥ የተመዛዘነ መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ግን መታጠፊያ ነው። ኬብል በመታጠፊያ ላይ ሲሳብ የሰበቃው ጫና አይደመርም፣ ይባዛል። የሰበቃው መጠን 0.3 ቢሆን፣ ሁለት ባለ 90 ዲግሪ መታጠፊያዎች 100 ኪሎ የነበረውን ጉተታ ወደ 257 ኪሎ ያደርሱታል፤ አራት ሲሆኑ ከ650 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ «ኬብሉ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ከማለት በፊት «የመታጠፊያዎቹ ድምር ስንት ዲግሪ ነው?» መባል አለበት።

የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኬብሉን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ከፍሰቱ ጋር መግባት ቀላል ነው፤ ጭንቁ መመለሻው ላይ ነው። ሞተሩ ቢጠፋ፣ የሞተውን ሮቦት በፍሰቱ ላይ ጎትቶ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል ተሰልቶ ኬብሉ ከሚበጠስበት መጠን ጋር ይነጻጸር። ይህ ስሌት በወረቀት ሳይቀመጥ ሮቦቱን የሚያወርደው ክሬን መተከል የለበትም።

ዋሻ ውስጥ የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ አይሠራም፤ ኮምፓስም በኮንክሪቱ ውስጥ ባለው ብረት ይሳሳታል። ሮቦቱ ቦታውን የሚያውቀው መዞሩን በሚለካ ጋይሮስኮፕ፣ ድምፅ ወደ ግድግዳው ልኮ ፍጥነት በሚለካ መሣሪያና በወጣው ኬብል ርዝመት ነው። በ5 ኪሎ ሜትር ላይ 1 በመቶ ስህተት 50 ሜትር ነው፤ ጥገና የሚሄደው ቡድን ጤነኛ ግድግዳ ሲቦረቡር ይውላል ማለት ነው። ከመሬት ወደ ዋሻው በሚወርድ፣ ቦታው ቀድሞ በተቀየሰ እያንዳንዱ ቁልቁል ጉድጓድ ላይ ርቀቱ መታረም አለበት።

ካሜራ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ከቅርብ ቀጭን ስንጥቅ ያሳያል፤ ጣሪያው 5 ሳንቲ ሜትር መስመጡን ግን አይናገርም። ሶናር፣ ማለትም ድምፅ ልኮ በማስተጋባቱ ርቀት የሚለካ መሣሪያ፣ ደግሞ ቅርጹን ይለካል እንጂ ቀጭኑን ስንጥቅ አያይም። አንዱ ያለሌላው ግማሽ ፍተሻ ነው። መብራቱ ከካሜራው ራቅ ብሎ ይገጠም፤ አጠገቡ ከሆነ፣ በጉም ውስጥ ረጅም መብራት እንዳበራ መኪና፣ የሚያበራው ድፍርሱን ብቻ ነው። ዋናው ቀረጻም ፕሮፔለሩ ደለሉን ሳያነሳው፣ በመግቢያው ጉዞ ይደረግ። በሶናሩ ምስል ላይ የክቡ ታች ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ከታየ ያ ብዙውን ጊዜ ደለል ነው፤ ከሥሩ ያለው ኮንክሪት «ደህና ነው» ሳይሆን «አልታየም» ተብሎ ይመዝገብ።

ስንጥቅ ሁሉ አያፈስም። ለመለየት ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደ ቀለም ስንጥቁ አጠገብ በትንሹ ይለቀቃል፤ ቀለሙ ወደ ስንጥቁ ከተሳበ ውሃ ከዋሻው እየወጣ ነው። ፕሮፔለሩ ግን መቆም አለበት፤ አለዚያ ቀለሙ የሚያሳየው የሮቦቱን ንቅናቄ ነው። ለፍተሻ ሲባል የዋሻው ግፊት ከተቀነሰም የከርሰ ምድር ውሃ ሊያሸንፍና አቅጣጫው ሊገለበጥ ይችላል። በፍተሻው ሰዓት የነበረው ግፊት ከእያንዳንዱ ውጤት ጋር ካልተጻፈ «አያፈስም» የሚለው ቃል ዋጋ የለውም።

ፍሳሽ ቆሻሻ ውስጥ የሠራ ሮቦት መጠጥ ውሃ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። የተፈቀደለትም ከነኬብሉ በክሎሪን ይታጠብ።

ውል የሚያዘጋጁ ክፍሎች ቢያንስ ይህን ይጠይቁ፦ በየግማሽ ሜትሩ የተለካ የዋሻው ዙሪያ፣ ከመግባቱ በፊት ስፋቱ በሚታወቅ ቧንቧና ስንጥቅ ላይ የተደረገ ሙከራ፣ እንዲሁም ያልተቆራረጠ ጥሬ ዳታ። የዳታው ባለቤት ተቋራጩ ሳይሆን የውሃ አገልግሎቱ ይሁን፤ ከዓመታት በኋላ የሚገባው ሌላ ሮቦት ጣሪያው መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን የሚያውቀው ከዚያ ጋር ተነጻጽሮ ነውና።

ከአክብሮት ጋር