ለልጄ፦ ቸኩለሽ አትደምድሚ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እህትሽ ትናንት ማታ ደውላ የነገረችኝ እንቅልፍ ነሳኝ። በአንድ ፈተና የተነሳ የሒሳብ ትምህርትሽን ልትተዪ ነው፤ ምግብም በቅጡ አትበዪም። ልጄ፣ ቸኩለሽ አትደምድሚ።

«በብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ በማይካፈል ቁጥር፣ ልክ ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንቀንስ ምንጊዜም ብቸኛ ቁጥር ይወጣል» ብለሽ ሕግ ነው ያልሽውን ወረቀት ላይ ሠርቼ አየሁት። ብቸኛ ቁጥር በሆኑት በ2፣ በ3፣ በ5 እና በ7 ልክ ሁለቶችን እያባዛሽ 1 ስትቀንሺ 3፣ 7፣ 31 እና 127 ይወጣሉ። አራቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። በ11 ግን 2047 ይመጣል፤ እርሱም 23 በ89 ሲባዛ የሚገኝ ነው። አራት ምሳሌ አይተሽ ሕግ አደረግሽው፤ አሁን ደግሞ አንድ ውጤት አይተሽ «አልችልም» ትያለሽ። ቸኩለሽ አትደምድሚ የምልሽ ለዚህ ነው። ደግሞስ 23 እና 89 ለ22፣ ማለትም ለ11 እጥፍ፣ ሲካፈሉ ለምን ሁለቱም 1 እንደሚተርፋቸው ጠይቀሻል? ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

31 ሁለቶችን አባዝተሽ 1 ስትቀንሺ 2147483647 ታገኛለሽ። ኮምፒውተር በ32 ቢት፣ ማለትም በ32 የ0 ወይም የ1 ቦታዎች፣ ከነመደመርና መቀነስ ምልክቱ የሚይዘው ትልቁ ሙሉ ቁጥር ይኸው ነው። የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ግን በ1772 እ.ኤ.አ. ለሌላው የሒሳብ ሰው ለበርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ ብቸኛ ቁጥር መሆኑን ሲያስታውቅ ኮምፒውተር ቀርቶ የራሱ ዓይን እንኳ ከድቶት ነበር። በራሱ ሲባዛ ከቁጥሩ የማያልፈው ትልቁ 46340 ነው፤ እስከዚያ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ መሞከር ግን አላስፈለገውም። አካፋይ ቢኖረው ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 የሚተርፈው መሆን እንዳለበት አስቀድሞ አረጋገጠ። ከእነዚህ ብቸኛ ቁጥር የሆነው የመጀመሪያው እጩ 311 ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው 1303። በመካከል ያሉት ሁሉ ያለ ሙከራ ወደቁ! ይህን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይሞላል።

ይህን ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። ያን ቀን ቁጥሩን በእጄ ለ311 አካፈልኩት፤ 35 ተረፈ። ወደ 1303 ሳልሻገር አያትሽ ማረፋቸውን ሰማሁ። ታናናሾቼን የሚያሳድግ ሌላ ሰው አልነበረምና ደብተሬን ጠቅልዬ አገር ቤት ገባሁ። አባቴን መቅበሬን ለመድኩት፤ ትምህርቱን መቅበሬን ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። እኔን ያስወጣኝ ሞት ነው። አንቺን አንድ ፈተና አያስወጣሽም፤ አልፈቅድምም።

እናትሽ በርበሬና ሽሮ ቋጥራለች፤ ቅዳሜ በአውቶቡስ ይደርስሻል። መናኸሪያ ሄደሽ ራስሽ ተቀበዪ፣ ሰው አትላኪ። ለጨጓራሽ ስትዪ ቁርስ ሳትበዪ ቡና አትጠጪ። የመልቀቂያ ቅጹን ሞልተሽው ከሆነም አትስጪ፤ መጀመሪያ መምህርሽን ቢሯቸው ድረስ ሄደሽ አነጋግሪ። ደግሜ እልሻለሁ፣ ቸኩለሽ አትደምድሚ።

ቁጥሩን ለ1303 አካፍዪና ቀሪውን ጽፈሽ ላኪልኝ። በእጅሽ አስዪው፣ በስልክ አይሁን።

አባትሽ